መጀመሪያ ስክሪኑ፣ ቀጥሎ ካርዱ፣ ከዚያ መብራቱ፦ የጌም ኮምፒውተሬን ዕቃዎች የመረጥኩበት መንገድ

አዲስ አበባ ውስጥ የጌም ኮምፒውተር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ቀድሞ የሚሰማው “ኮር አይ ሰቨን ነው” የሚለውን ነው፤ የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል ስም ነው። ስንተኛ ትውልድ ነው? ግራፊክስ ካርዱስ? ፓወር ሰፕላዩ (ለዕቃዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) የተጻፈበትን ዋት ያህል ይሰጣል? ራሱ ጠይቆ ካላወጣጣ ማንም አይነግረውም። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ትንሽ ስለነበር ለስም ብቻ ልከፍለው አልፈለግኩም። ራሴ መርጬ ራሴ ልገጣጥም ቆረጥኩ።

የስሙ ነገር ብዙ ሰው ስለሚያሳስት ከእሱ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኮር አይ 7-7700 አራት ኮር (ራሱን የቻለ የማስሊያ ክፍል) እና ስምንት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሄድ የሥራ መስመር) አለው። በ2022 መጀመሪያ የወጣው ኮር አይ 3-12100ም እንዲሁ አራት ኮርና ስምንት ትሬድ ነው፤ ጌም ላይ ግን ባለ ትልቅ ስሙን ይቀድመዋል። ደግሞም ጌም ላይ ምስሉን የሚሠራው በዋናነት ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ካርዱ ምን ያህል እንደሚለፋ የሚወስነው ደግሞ ስክሪኑ። ስለዚህ ምርጫዬን ከስክሪን ጀመርኩ።

1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2 ሚሊዮን ያህል ነጥብ አለው። ፎርኬ የሚባለው ከ8 ሚሊዮን በላይ ነው፣ አራት እጥፍ። እኔ የምጫወተው ካውንተር ስትራይክ 2፣ ኢፉትቦል፣ ጂቲኤ 5 እና አልፎ አልፎ ታሪክ ያላቸውን አዳዲስ ጌሞች ነው። ለዚህ 1080 ይበቃኛል አልኩና ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ። ይህን ሳይቆርጡ ካርድ ፍለጋ መውጣት ማቆሚያ የለውም፤ ጥቂት ብር በተጨመረ ቁጥር ሁልጊዜ የተሻለ ይገኛል።

ለካርዱ ከጠቅላላው ገንዘብ 40 በመቶ ያህሉን መደብኩ። ዕጩዎቼ ጂቲኤክስ 1650፣ አርኤክስ 580፣ አርቲኤክስ 3050 እና አርኤክስ 6600 ነበሩ። የ1650 አራት ጊጋባይት ሚሞሪ ለአዳዲስ ጌሞች ይጠባል። 580 ስምንት ጊጋባይት ቢኖረውም 185 ዋት ይበላል፣ ዕድሜውም ገፍቷል። 3050 በዋጋ ከ6600 ጋር ይቀራረባል፣ በፍጥነት ግን ያንሳል። አርኤክስ 6600 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ሲወጣ ዋጋው 329 ዶላር ነበር፤ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ወደ 200 ዶላር ገደማ ወረደ። ስምንት ጊጋባይት ይዞ የሚበላው 132 ዋት ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ይህ 132 ነው፤ ለምን እንደሆነ መብራቱ ጋ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ያገለገለ ካርድ መግዛት አይከፋም፣ ዓይን ይፈልጋል እንጂ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ኢቴሬም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ማምረት (ማይኒንግ) ሲቀር፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የከረሙ ካርዶች የዓለምን ገበያ አጥለቀለቁት። ማይኒንግ ላይ የዋለ ካርድ ሁሉ አልቆለታል ማለት አይደለም፤ ፋኑ መንገጫገጩን መስማትና የደረቀውን የሙቀት ቅባት መቀየር ያስፈልጋል። የሚያስፈራው ስሙ የተቀየረው ነው። አሮጌ ካርድ ባዮሱ (ውስጡ የተጻፈው መነሻ ፕሮግራም) ተለውጦ የአዲስ ካርድ ስም ለብሶ ይሸጣል፤ ዊንዶውስም የተጻፈለትን አምኖ ያሳያል። እኔ የካርዱን ማንነት የምታሳየውን ጂፒዩ-ዚ የምትባል ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዤ ነበር የምዞረው። ለምሳሌ ሙሉው አርኤክስ 580 2304 የማስሊያ ክፍሎች አሉት፤ 2048 ካሳየ ተቀንሶ የተሠራው ዓይነት ነው፣ ዋጋውም ሊቀንስ ይገባል። ሻጩ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ለማሳየት ካቅማማ “እሺ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ” ብሎ መውጣት ነው። በመጨረሻ አዲስ የመረጥኩትም ከውጭ የሚያመጣልኝ ሰው ስላገኘሁ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት 100ን አለፈ። የኮምፒውተር ዕቃ ደግሞ ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዕቃዎቹን ለሁለት ከፈልኳቸው፦ ትንሽና ውድ የሆነው በሻንጣ ይምጣ፣ ከባድና ቢበላሽ መቀየር የሚኖርበት እዚሁ ይገዛ። የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው፤ ለፋሲካ እንደምትመጣ ስሰማ ደወልኩላት።

“ማሙሽዬ፣ ያን ሁሉ ብረት እኔ ልሸከምልህ?” አለችኝ።

“አይ እትዬ፣ ብረት ብረቱን እዚህ እገዛለሁ። አንቺ የምትይዥልኝ ከሦስት ኪሎ ብዙም አይዘልም።”

እውነትም አልዘለለም። ካርዱ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ማዘርቦርዱ (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ ሁለት ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና አንድ ቴራባይት ኤስኤስዲ (ፋይል ማስቀመጫ)፤ በቃ። እዚያ አካባቢ ያላችሁ ፌርፋክስ የሚገኘውን ማይክሮ ሴንተር ታውቁታላችሁ፤ ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድና ራም አንድ ላይ አድርጎ በቅናሽ ይሸጣል። በሻንጣ የመጣ ዕቃ ከተበላሸ መልሶ መላክ ከባድ ስለሆነ አንድ ነገር አጥብቄ ለመንኳት፦ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ሰው ሰክቶ ይሞክርልኝ። የሚያውቅላት ልጅ በራሱ ፓወር ሰፕላይ ጠረጴዛ ላይ አብርቶ አየልኝ። ከዚያ ፕሮሰሰሩ ተመልሶ በመጣበት ፕላስቲክ ውስጥ ገባ፤ ኤኤም4 በሚባለው መሰኪያ የሚገባ ፕሮሰሰር እግሮቹ ከሥሩ ስለሆኑ አንድ ብትጠመም ጣጣ ነው።

ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600 ነው። ስድስት ኮርና አሥራ ሁለት ትሬድ አለው፣ በ65 ዋት ደረጃ የተመደበ ነው፣ ማቀዝቀዣውም ከካርቶኑ ይወጣል። 5600ጂ የሚባለው ወንድሙ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ያለ ካርድ ስክሪን ያሳያል። ገንዘቡ አንድ ላይ ለማይሞላለትና ካርዱን ከወራት በኋላ ለሚገዛ ሰው እሱን ነው የምመክረው። ካርዱን አብሮ ለሚገዛ ግን ያለ ጂው ይሻላል፤ ካሹ (የፕሮሰሰሩ ፈጣን የውስጥ ማስታወሻ) 32 ሜጋባይት ነው፣ የጂው 16፣ ጌም ላይ ልዩነቱ ይታያል። ማዘርቦርድ ስትመርጡ ባዮስ ፍላሽባክ የሚባለው ቁልፍ እንዳለው እዩ። የቆየ ባዮስ ያለው ቦርድ አዲሱን ፕሮሰሰር ላያውቀው ይችላል፤ ይህ ቁልፍ ካለ በፍላሽ ብቻ ይታደሳል፣ ለማደሻ የሚሆን የድሮ ፕሮሰሰር ከሰው መለመን አይኖርም።

ራም ላይ ባለ 16 አንዱን ትቼ ባለ 8 ሁለት ወሰድኩ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ የመረጃው መንገድ እጥፍ ይሰፋል። ከተገጠመ በኋላ ባዮስ ገብቶ ኤክስኤምፒን (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ምርጫ) ማብራት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ራም በ2133 ወይም በ2400 ይሄዳል። ብዙ ቤት ውስጥ እስካሁን ሳይበራ የተቀመጠ አለ።

አሁን ወደ መብራቱ። ከዚህ ሁሉ ብዙ ያሰብኩበት ፓወር ሰፕላይ ነው። ከኬዝ (ከኮምፒውተሩ ሳጥን) ጋር “500 ዋት” ተብሎ የሚመጣውን አንድ ቀን ገልብጬ የጎኑን ጽሑፍ አነበብኩ፦ 12 ቮልት፣ 18 አምፔር። 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚጠጡት ከዚህ 12 ቮልት መስመር ነው፤ የቀረው ቁጥር ለእነሱ አይደርስም። የእኔ ማሽን ፕሮሰሰሩ ከ90 ዋት በታች፣ ካርዱ 132፣ ሌላው ተደምሮ 300 አይሞላም። ስለዚህ በ12 ቮልቱ መስመር በእውነት ከ40 አምፔር በላይ የሚሰጥ ባለ 550 ዋት መረጥኩ። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት የሚናገረው ስለ ብክነት እንጂ ስለ መከላከያ አይደለም፤ ከመጠን ያለፈ ቮልትና ሾርት ሲያጋጥም ራሱን እንደሚያጠፋ ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

ሌላው ያየሁት የሚቀበለው ቮልት ነው። የእኛ መስመር 220 ይባላል እንጂ ሰፈሩ ሁሉ እንጀራ ሲጋግር ይወርዳል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። “100-240” ተብሎ የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ ይህን መውረድ ችሎ ይሠራል። ከኋላው ቀይ የቮልት መቀየሪያ ያለው ግን ጠንቀቅ ይባልለት፤ 115 ላይ እንዳለ እዚህ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ከአሜሪካ ፓወር ሰፕላይ ያላስመጣሁት በክብደቱም በዚህም ነው።

የሚያቃጥለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ነው። ስታቢላይዘሬ ሲመጣ ጥቂት ቆይቶ የሚለቅ ዲሌይ አለው። ዩፒኤሱን (ባለ ባትሪውን) የገዛሁት መብራት ሲጠፋ ጌሙን ሴቭ አድርጌ በሥርዓት እንድዘጋ ነው። እዚህ ላይ ነው 132 ዋት የጠቀመኝ። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ የሚሸከመው 650 ዋት አይደለም፣ ከ400 በታች ነው፤ ስክሪኑ ተጨምሮ የእኔ ማሽን እዚያ ውስጥ ይገባል። 250 ዋት የሚበላ ካርድ ብወስድ ዩፒኤሱም፣ ፓወር ሰፕላዩም፣ ዋጋውም አብሮ ያድግ ነበር።

ኬዝ ላይ ገንዘብ አላፈሰስኩም፤ ፊቱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ የአቧራ መከላከያ ያለው ይሁን ብቻ ነው ያልኩት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ሲዞር ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የክፍላችን ብርድ ይክሳል፣ ቢሆንም ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ኬዝ እዚህ አይመከርም።

ለዚህ የሚሆን ገንዘብ የሌላችሁ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስን ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክን የመሰለ ገዝታችሁ ካርድ መጨመር ትችላላችሁ። ቀጭኑን ሳይሆን ቁመቱ ሙሉ የሆነውን፣ ከስምንተኛ ትውልድ ያላነሰውን ፈልጉ። ዊንዶውስ 11 ከዚያ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም ማለት ይቻላል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ቫሎራንት የምትጫወቱ በተለይ ልብ በሉ፤ በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የተባሉትን የደህንነት መጠበቂያዎች ይጠይቃል። የእነዚህ የቢሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ የራሳቸው ዓይነት ስለሆነ በቀላሉ አይቀየርም። ካርዱ ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ ይሁን፤ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገው 1650 ለዚህ ይሆናል።

የእኔው አሁን ጂቲኤ 5ን በሴኮንድ ከ60 ፍሬም (ምስል) በላይ፣ ካውንተር ስትራይክን ደግሞ ስክሪኔ ከሚያሳየው በላይ ያስኬዳል። ጌሞቹን በኢንተርኔት አላወረድኳቸውም፤ ጂቲኤ 5 ብቻውን ከ100 ጊጋባይት አያንስም። የጓደኛዬን የስቲም ፎልደር በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገልብጬ፣ በራሴ አካውንት የገዛሁትን ጌም ኢንስቶል በል ስለው ያለውን ፋይል ፈትሾ የጎደለውን ብቻ አወረደ። ቀጥሎ የሚገኘው ገንዘብ ለዩፒኤሱ ባትሪ ነው፤ መዳከም ጀምሯል።