«ስማችንን ኤሊስ ደሴት ላይ ቀየሩብን» ለሚሉ አማቾች

ልጁ ከትምህርት ቤት «የቤተሰብ ሐረግ ሥሩ» ተብሎ ሲመጣ በሐበሻው ወገን እስከ ሰባት ቤት በቃል የሚቆጥር አዋቂ አይጠፋም። በአይሪሹ አማት በኩል ግን ከስም ይልቅ ወግ ይመጣል፦ «ሦስት ወንድማማቾች ሆነው መጡ»፣ «ቅድመ አያታችን መርከብ ላይ ተደብቆ ገባ»፣ «ስማችንን ኤሊስ ደሴት ላይ ቀየሩብን»። ወጉን አትናቁት፤ ሳትፈትሹት ግን ፖስተሩ ላይ አትለጥፉት።

ኤሊስ ደሴት፣ ኒው ዮርክ ወደብ ላይ የነበረው የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ፣ የተከፈተው ጥር 1 ቀን 1892 ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ከ1845 እስከ 1852 በዘለቀው የድንች ረሃብ የተሰደደ አያት ስሙ እዚያ ሊቀየርበት አይችልም፤ ጣቢያው ገና አልነበረም። ከ1892 በኋላ የመጣም ቢሆን፣ የደሴቱ ጸሐፊ የሚያየው መርከብ ድርጅቱ መነሻ ወደብ ላይ ያዘጋጀውን ስም ዝርዝር ነው። ስሙን አብዛኛውን ጊዜ የቀየረው ባለቤቱ ራሱ ነው፣ ያውም ቆይቶ። ከአይሪሽ ስም ፊት የሚገባው «ኦ» የልጅ ልጅ፣ «ማክ» ደግሞ ልጅ ማለት ነው፤ በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ብዙዎች ጥለውታል፣ አንዳንዶች በኋላ መልሰውታል። ስለዚህ ሱሊቫንንም ኦሱሊቫንንም ፈልጉ።

ወግ ምን ያህል እንደሚያሳስት የደሴቱ የመጀመሪያ ስደተኛ የአኒ ሙር ነገር ያሳያል። የኮርክ ልጅ ናት፤ ከሁለት ወንድሞቿ ጋር «ኔቫዳ» በተባለች መርከብ መጣች፣ የ10 ዶላር ወርቅም ተሸለመች። ወደ ቴክሳስ ሄዳ ከዚያ በትራም (የከተማ ባቡር) ተገጭታ ሞተች ተብሎ ለዓመታት ተነገረ፤ የዚያ ቤተሰብ ልጆችም ከልባቸው አምነው ኖሩ። በ2006 ሲጣራ የቴክሳሷ አኒ ሙር ኢሊኖይ የተወለደች ሌላ ሴት ሆና ተገኘች። እውነተኛዋ ከኒው ዮርክ አልራቀችም፤ ኩዊንስ ባለ መካነ መቃብር ያለ ድንጋይ ተቀብራ ነበር። የዋሸ ሰው አልነበረም። ስም ከስም ገጠመ፣ የተወለደችበትን ቦታ ግን ያየ አልነበረም።

ከአየርላንድ አትጀምሩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መርፊ ከአየርላንድ ስሞች ሁሉ የበዛው ነው፤ «ከኮርክ የመጣ መርፊ» ብሎ መፈለግ ጭድ ውስጥ መርፌ ነው። የሚያስፈልጋችሁ የደብሩ፣ ከተቻለም የታውንላንዱ ስም ነው። ታውንላንድ ማለት ትንሿ የመሬት ክልል ናት፣ በአገሩ ከ60 ሺህ በላይ አሉ። ያንን ስም የሚሰጣችሁ አሜሪካ ያለው ወረቀት ነው፦ የመቃብር ድንጋይ፣ የጋዜጣ የሞት ማስታወቂያ፣ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያለው የጋብቻ መዝገብ። የዜግነት ወረቀት ከመስከረም 1906 በፊት ከሆነ አትመኩበት፤ ብዙ ጊዜ «አየርላንድ» ከማለት አያልፍም። አያትየው የሚጠሩት የተጣመመ የመንደር ስም ካለ እንደ አነጋገራቸው ጻፉት፣ አታርሙት። ከወጉ ሁሉ ውዱ እሱ ነው።

ከዚያ ወደ አየርላንድ ተሻገሩ። የልደት፣ የሞትና የካቶሊክ ጋብቻ ምዝገባ የጀመረው በ1864 ነው። ከዚያ በፊት ያለውን በደብር መዝገብ ትፈልጋላችሁ፤ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ የካቶሊክ ደብሮቹን መዝገብ ምስል በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦታል። ብዙው በላቲን ስለተጻፈ ጄምስ «ያኮቡስ»፣ ዊልያም «ጉልየልሙስ» ሆኖ ታገኙታላችሁ። የክርስትና አባትና እናት ስም አብሮ ይመዘገባል፣ አትዝለሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ አጎት ወይም አክስት ናቸው። «ሁሉም ተቃጥሏል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። በሰኔ 1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ ደብሊን ያለው የመዛግብት ቤት ጋይቶ ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት ቆጠራዎች ከጥቂት ቅሪት በቀር ጠፍተዋል። የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች ግን ሙሉ ናቸው፣ በነፃም ይታያሉ።

ሁለቱን ቆጠራዎች ስታነጻጽሩ በ1901 ሃምሳ አምስት የነበረች ሴት በ1911 ሰባ ሆና ብታገኟት «ሌላ ሰው ናት» ብላችሁ አትለፏት። በጥር 1909 ሰባ ዓመት ለሞላው የጡረታ ገንዘብ መከፈል ጀምሯል፤ የልደት ወረቀት ደግሞ በእጁ ያለ ሽማግሌ አልነበረም። ስለዚህ ዕድሜን ለማረጋገጥ የጡረታ ሹሙ ከሚጠይቃቸው አንዱ በጥር 1839 የነፈሰውን ታላቁን ነፋስ ታስታውሳለህ ወይ የሚል ነበር፣ የሚያስታውሰው ሰውም በዛ። «የጣልያን ጊዜ ልጅ ነኝ» እየተባለ ዕድሜ በሚቆጠርበት ቤት ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕድሜን አሥር ዓመት ወደ ላይ፣ አሥር ዓመት ወደ ታች አስፍታችሁ ፈልጉ።

የ1911ዱን ቅጽ ስትከፍቱ ወደ ቀኝ ጫፍ ድረሱ። ያገባች ሴት ስንት ዓመት በትዳር እንደቆየች፣ ስንት ልጅ በሕይወት እንደወለደች፣ ስንቱ እንዳለ በሦስት ዓምድ ተጽፏል። ዘጠኝ ወልዳ አምስት ቀርተው ከሆነ፣ በገበታ ዙሪያ ማንም ያላነሣቸው አራቱ እዚያ ላይ ናቸው፤ ስማቸውን በሞት መዝገብ ፈልጉት።