ሽንኩርት የሚሸጠው በብር ነው

የምሠራው በአንድ አነስተኛ የብድር ተቋም ውስጥ ነው። ሥራዬ በመስኖ ለሚያለሙ ገበሬዎች የሶላር ፓምፕ ብድር ማዘጋጀትና መከታተል ነው። አብዛኛው ጊዜዬ የሚያልፈው በመቂና በባቱ መካከል ነው። በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ሰው የውሃ ሞተርን ጣጣ ያውቃል። ነዳጅ በጀሪካን ለመቅዳት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከዚያ ሰልፉ አለ። ተራ እስኪደርስ ማሳው ይደርቃል። ስለዚህ ገበሬውን ስለ ሶላር ጥቅም ማስተማር አይጠበቅብንም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ገንዘቡ ተገኘ። ለአየር ንብረት ሥራ የሚያበድር አንድ የውጭ ድርጅት ለተቋማችን በዶላር ብድር ፈቀደ። እኛ ደግሞ ለገበሬዎች ማኅበር በብር እናበድራለን። ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። ማኅበሩ ቁጠባውን አስገባ። ለበጋው መስኖ እንዲደርስ ተብሎ የፊርማ ቀን ተቆረጠ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ተወሰነ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አቅራቢው ደውሎ «ያ ፕሮፎርማ ከእንግዲህ አይሠራም» አለን። አልፈርድበትም። ፓናሉም ፓምፑም የሚገባው በዶላር ነው።

ከዋጋው የባሰው ግን ውሉ ውስጥ ነበር። በማኅበሩ ቢሮ ተሰብስበን የሥራ ባልደረባዬ ውሉን አንቀጽ በአንቀጽ አነበበች። እሷ ሳታነብና ሳታስረዳ ማንንም አታስፈርምም። አንዱ አንቀጽ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ደገመችው። በምንዛሪ ለውጥ የሚመጣውን ልዩነት የመጨረሻው ተበዳሪ ይሸፍናል ይላል።

አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ እኔ ዶላር በእጄ ይዤ አላውቅም። ደላላው ሽንኩርቴን የሚገዛኝ በብር ነው። ዶላር በጨመረ ቁጥር የእኔ ዕዳ የሚጨምረው በምን ምክንያት ነው?»

«ጋሼ፣ ለእኛ ያበደሩን በዶላር ስለሆነ ነው።»

«እሺ፣ እነሱ ያበደሩትን ያውቃሉ። እኔም የምሸጠውን አውቃለሁ። መሃል ላይ ያለውን የሚሸከመው ታዲያ እንዴት እኔ ሆንኩ?»

የሚመልስ ሰው አልነበረም። በዚያ ቀን ማንም አልፈረመም።

በቢሮ በተዘጋጀው ረቂቅ ሪፖርት ላይ «በተጠቃሚዎች የግንዛቤ እጥረት ምክንያት ውሉ አልተፈረመም» ተብሎ ተጻፈ። ባልደረባዬ ይህን ዓረፍተ ነገር አስወጣችው። በምትኩ የሽማግሌውን ጥያቄ እንዳለ አስገባችና ወደ አበዳሪው እንዲሄድ አጥብቃ ተከራከረች። እስካሁን የማደንቃት በዚህ ነው። ግንዛቤማ ከሁላችንም በላይ የነበራቸው እሳቸው ናቸው።

ስለ አየር ንብረት ገንዘብ ሲወራ ሁልጊዜ የምንሰማው ስለ መጠኑ ነው። ሀብታሞቹ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2009 በኮፐንሃገኑ የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገቡ። እዚያ የደረሱት ግን በ2022 ነው። በ2024 ባኩ ላይ በተደረገው ጉባኤ ደግሞ እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር ተባለ። ከመንግሥታትና ከልማት ባንኮች የሚመጣው አብዛኛው ገንዘብ ብድር መሆኑ ግን ብዙም አይነሳም። በምን ገንዘብ ተበድረን በምን ገንዘብ እንደምንከፍል ደግሞ ጭራሽ አይነሳም።

ሶላር ላይ ይህ ነገር ይከፋል። የናፍጣ ሞተር ሲገዙት ርካሽ ነው፤ ወጪው ቀስ በቀስ በነዳጅ ይመጣል። ሶላር ግን የብዙ ዓመት ጉልበት በአንድ ጊዜ ተከፍሎበት ነው የሚገዛው። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ነጻ ናት፤ ወለዱ ግን በየወሩ ይቆጥራል። የሶላር ነዳጁ ወለድ ነው ብል አላጋነንኩም። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ለንጹሕ ኃይል የሚገኝ ገንዘብ ከበለጸጉት አገሮች ቢያንስ እጥፍ ያስወጣል። በዚያ ላይ የዶላሩ ልዩነት ገበሬው ትከሻ ላይ ከተጫነ፣ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ወደ ናፍጣው ቢመለስ አይፈረድበትም።

መፍትሔ የሌለው ችግር አይደለም። ቲሲኤክስ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመና መቀመጫው አምስተርዳም የሆነ ፈንድ አለ። ሥራው እንደ እኛ ባሉ አገሮች ገንዘብ ላይ ያለውን የምንዛሪ ስጋት ለአበዳሪዎች በክፍያ መሸከም ነው። ክፍያው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ክፍያውን ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄ ይቀራል። እኔ የማምነው ለአየር ንብረት ተብሎ የሚሰጥ እርዳታ ከሌላው ሁሉ በፊት እዚህ ላይ መዋል እንዳለበት ነው። ወርክሾፕ ቢቀነስ ይሻላል።

ከብዙ ደብዳቤ በኋላ አበዳሪው ተስማማ። የማኅበሩ ዕዳ በብር ተቆረጠ። የምንዛሪውን ልዩነት አበዳሪው ለእርዳታ ከያዘው ገንዘብ እንዲሸፍን ሆነ። በዚያው አጋጣሚ ወርሃዊ ክፍያውን አስቀየርን። ሽንኩርት ከተተከለ በኋላ ለመድረስ አራት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ በየወሩ ክፈል ማለት ተበድረህ ክፈል ማለት ነው። አሁን የሚከፈለው ምርት ሲነሳ ነው።

ግን የ2017 በጋ አመለጠ። ገበሬዎቹ ያንን ወቅት ያጠጡት በተወደደ ነዳጅ ነው፤ ያንን ኪሳራ ማንም አልተካላቸውም። በዋጋው ምክንያት የፓምፖቹ ቁጥርም ከታቀደው አነሰ። የተተከሉት ዛሬ ውሃ እየሳቡ ነው። አሁን የያዝነው ክርክር ስለ መለዋወጫ ነው። የፓምፑ መቆጣጠሪያ ቢበላሽ ምትኩ የሚመጣው ከውጭ፣ በዶላር ነው። በሚቀጥለው ውል አቅራቢው ጥቂት መለዋወጫ አስቀድሞ መቂ ላይ እንዲያስቀምጥ ጠይቀናል። አበዳሪው ወጪውን ገና አልተቀበለም። ባልደረባዬ ሁለተኛውን ደብዳቤ እያዘጋጀች ነው።