ሦስት ጊዜ የተፋቀችው ላዳዬ

ሰላም ለሁላችሁ፣ የመኪና ሞዴል ሠሪ ጓደኞቼ።

ትናንት ማታ የመጨረሻውን የወረቀት ፕላስተር ከትንሿ የፕላስቲክ ላዳዬ ላይ ላጥኩ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከላይ ነጭ፣ ከታች ሰማያዊ፤ አንዱ ወደ ሌላው አልገባም። ቤት ውስጥ ሁሉም ተኝቶ ስለነበር መጮህ አልቻልኩም። መብራቱን አጥፍቼ፣ መልሼ አብርቼ፣ እንደገና አየኋት። ያው ቀጥ ያለ መስመር ነው። ጥር ላይ ጀምሬያት ይኸው ነሐሴ ሊያልቅ ነው። ከዚህ ውስጥ አራቱን ወር የበላው ቀለም ስለሆነ፣ አብዛኛው ወሬዬም ስለ ቀለም ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሥራ ቦታዬ በረንዳው ነው። አፈሩ መረሬ ነው፤ በበጋ አቧራ ሆኖ ይገባል፣ በክረምት ደግሞ ጭቃው እስከ ደረጃው ድረስ ተከትሎን ይወጣል። ይህን ያነሳሁት በኋላ ለሚመጣው የቀለም ጣጣ ምክንያቱ እዚህ ስላለ ነው።

ለምን ላዳ? አንደኛ፣ እናቴ እኔን ወልዳ ከሆስፒታል ወደ ቤት የገባችው በላዳ ታክሲ ነው። ሁለተኛ፣ ላዳ ለጀማሪ ትመቻለች። አካሏ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከፕላስቲክ ሰሌዳ ቆርጦ ማያያዝ ይቻላል። ከመካከላችን በቮልስ ለመጀመር ያሰቡ እንዳሉ አውቃለሁ። እባካችሁ ቮልስን ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ሥራ አቆዩት። ቮልስ ላይ ቀጥ ያለ ቦታ የለም፤ ፓርፋንጎው (የጎማው መሸፈኛ) ብቻውን ወር ይፈጃል።

ልኬቱን የወሰድኩት ከእውነተኛዋ ነው። ቃሊቲ አካባቢ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚቆሙ የላዳ ታክሲ ሹፌር አሉ። ሜትሬን ይዤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ልለካት?»

«ልትገዛት ነው እንዴ ልጄ?»

«አይ፣ በትንሹ ልሠራት ነው። ከፕላስቲክ።»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ወርደው የሜትሩን አንድ ጫፍ ያዙልኝ። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 2 ሜትር ከ42 ሆነ። ቤት ገብቼ ሳመሳክር የፋብሪካው ቁጥር 2424 ሚሊ ሜትር ነው። ርዝመቷ 4073፣ ወርዷ 1611። እኔ የምሠራው በ1/24 ስለሆነ ሁሉንም ለ24 አካፈልኩ፦ በጎማዎቹ መካከል 101 ሚሊ፣ ርዝመቷ ወደ 170፣ ወርዷ 67። መዳፌ ላይ ትቀመጣለች ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ከሹፌሩ ባልሰማ ኖሮ እስታት ነበር። ላዳ የተሠራችው ከጣሊያኗ ፊያት 124 ተነስታ ነው፤ በሩሲያዋ ቶሊያቲ ከተማ መመረት የጀመረችው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ሶቪየቶቹ ግን ጣሊያኗን እንዳለች አልወሰዷትም። ለመጥፎ መንገድ ብለው ላሜራዋን አወፈሩት፣ ከመሬትም ከፍ አደረጓት። ጋሼ «የኔዋ ድንጋይ አትፈራም» ሲሉኝ ነው ቆም ብዬ ያየኋት። እኔ ዝቅ አድርጌ ልሠራት ነበር፤ ዝቅ ስትል ታምራለች ብዬ። ከፍ አድርጌ ሠራኋት። ላዳ የሆነችው ያኔ ነው።

አካሉን በፍጥነት ልለፈው። ማስታወቂያ ቤቶች የሚጥሉት የ1 ሚሊ ፕላስቲክ ሰሌዳ፣ ስለታም ከተር፣ ሱፐር ግሉ፣ ስቱኮ። ጎማዎቹን ከተሰበረ መጫወቻ ወሰድኩ፤ ዲያሜትራቸው ወደ 24 ሚሊ መሆኑን ለክቼ ነው የመረጥኳቸው። መስታወቱ የኬክ መያዣ ክዳን ነው። ፓራውልቱ ከሚስማር እሽግ ላይ የተቆረጠ ቆርቆሮ ነው። ታርጋዋ ኮድ 1 ስለሆነ ቀይ ነው፤ በእጄ ጻፍኩት። ሦስት ወር ሄደ፤ ጥሩ ሦስት ወር ነበር።

አሁን ወደ ቀለሙ።

የመጀመሪያው ጥፋት ግንቦት ላይ ነው። የመኪና ስፕሬይ ገዛሁ። ከታች ምንም ሳልቀባ በአንድ ጊዜ ጠገብ አድርጌ ነፋሁ። የቸኮልኩት ቅዳሜ ከሰዓት ልጨርሳት ፈልጌ ነው። ሲደርቅ ጣራው ላይ እንደ ሸረሪት ድር ቀጫጭን ስንጥቅ አየሁ። በስፕሬዩ ውስጥ ያለው ቲነር ፕላስቲኩን በልቶታል። የመኪና ቀለም ለላሜራ ነው የተሠራው። ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ ገና እርጥብ እያለ ይነክሰዋል፤ ሽፋኑ በወፈረ ቁጥር ቲነሩ ውስጥ ታፍኖ ይቆያል፣ የበለጠም ይበላል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ከታች ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ)፣ ከላይ ደግሞ ስስ ስስ ሽፋን። የመጀመሪያው ሽፋን ጭጋግ ይምሰል። የታችኛው ቀለም ገና እየታየ መተው ከባድ ነው፣ እጅ «ትንሽ ጨምር» ይላል። አትጨምሩ። ሩብ ሰዓት ጠብቁ።

እዚህ ጋ አንድ ይቅርታ አለብኝ። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን ለአንዱ ወጣት «ፕራይመር ገንዘብ ማባከን ነው» ብዬ ነበር። መኪናው ተሰነጠቀችበት። እኔ ያን ጊዜ ቀለም ቀብቼ የማውቀው አክስቴ ከውጭ ያመጣችልኝን አንድ የታሚያ (የጃፓን ሞዴል ፋብሪካ) ተገጣጣሚ ኪት ብቻ ነው፤ እሱንም በራሱ የሞዴል ቀለም። የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ ነገርኩት። ወንድሜ፣ ጥፋቱ ያንተ አልነበረም።

ስንጥቁን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት፣ ስቱኮ ሞላሁት፣ ፕራይመር ቀባሁ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሰማያዊውን ነፋሁ። ዝናቡ ገና ማቆሙ ነበር፤ አየሩ ጸጥ ስላለ፣ አቧራም ስለሌለ ጥሩ ጊዜ ያገኘሁ መሰለኝ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰማያዊው ላይ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ጠረግኩት፣ አይለቅም። ጠበቅሁ፣ አይጠፋም።

ይዣት ሰፈራችን ወዳለው ጋራዥ ወረድኩ። እዚያ ቀለም የሚቀቡ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። መብራት ፊት አዙረው አዩዋትና «ደመና ይዟታል» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቲነር በፍጥነት ሲተን የተቀባውን ቦታ ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ እርጥበቱ ጤዛ ሆኖ ያልደረቀው ቀለም ላይ ያርፋል። ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ላብ እንደሚያወጣው ማለት ነው። ጤዛው ቀለሙ ውስጥ ታስሮ ሲቀር ያ ነጭ ጉም ይሆናል። እሳቸው በክረምት ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ይጠቀማሉ። የእኔ ግን የታሸገ ስፕሬይ ስለሆነ ቲነሩን መቀየር አልችልም። መቀየር የምችለው ሰዓቱን ነው።

ይኼ ምክር ነው ሥራዬን ያዳነው። እኛ ጋ በክረምት ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት ነው። ጠዋት ደግሞ ጤዛው ገና አልለቀቀም። ስለዚህ የምነፋው ፀሐይ በወጣችበት ቀን ብቻ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው። ፀሐይ ካልወጣች አልነካትም። ሐምሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን ያገኘሁት ሦስቴ ብቻ ነው። የስፕሬዩን ቆርቆሮ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ አቆየዋለሁ፤ ግፊቱ ይጨምራል፣ ቀለሙም ደቅቆ ይወጣል። ለብ ያለ ነው ያልኩት። ምድጃ አጠገብ እንዳታስጠጉት፣ ይፈነዳል። ጠረኑ ከባድ ስለሆነ በረንዳ ላይም ሆኜ የአፍ መሸፈኛ አደርጋለሁ፤ ልጆችም በሩን እንዳይከፍቱት እቆልፈዋለሁ።

ሁለተኛውን ቀለም ያስለቀቅሁት በፍሬን ዘይት ነው። ጓንት አድርጌ ሌሊቱን በዘይቱ አሳደርኳት፤ ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስፈትጋት ቀለሙ እየተላጠ ወረደ። እጅ ያቃጥላል፣ ተጠንቀቁ። ከዚያ በሳሙና ደጋግሞ ማጠብ ነው፤ ትንሽ እንኳ ከቀረ አዲሱ ቀለም አይዝም።

ሦስተኛው ጥፋት በጣም አስከፋኝ፤ ምክንያቱም ሁሉን ነገር በትክክል ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ነጩ አማረ። ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ፕላስተር ለጠፍኩ። ሰማያዊውን ነፋሁ። ፕላስተሩን ስልጠው ሰማያዊው ከሥሩ ገብቶ ነጩ ላይ ጥርስ ጥርስ ሠርቷል። ግራው ጎን ደህና ነበር። የዚያን ቀን የላክሁላችሁ ፎቶ የግራው ጎን ነው። ሁላችሁም አሞገሳችሁኝ፤ እኔ ደግሞ የቀኙን ጎን ደብቄ ሁለት ሳምንት ሳልነካት ቀረሁ። ያን ባላደርግ ይሻለኝ ነበር። የቀኙን ፎቶ በመጨረሻ ስልክላችሁ ከለገጣፎ የምትመጣው እህታችን በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሰችልኝ፦ «የፕላስተሩን ጠርዝ በአዲስ ምላጭ ቆርጠኸዋል?»

አልቆረጥኩም ነበር። የፕላስተር ጥቅልል ጠርዝ መሳቢያ ውስጥ ሲንከባለል አቧራ ይይዛል፣ ወጣ ገባም ይሆናል። ቀለም የሚገባው በዚያች ክፍተት ነው። አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ፕላስተሩን መስታወት ላይ እለጥፍና በማስመሪያና በአዲስ ምላጭ ጠርዙን እቆርጣለሁ። መኪናዋ ላይ ከለጠፍኩት በኋላ ጠርዙን በስቴኪኒ ጫፍ እየሄድኩ እጫነዋለሁ፤ በተለይ በሩ ከአካሉ የሚለይበት ስንጥቅ ላይ፣ እዚያ ፕላስተሩ ድልድይ ይሠራል። ከዚያ ሰማያዊውን አልነፋም። መጀመሪያ በጠርዙ ላይ ያንኑ ነጭ እነፋለሁ። ከሥር የሚገባ ቀለም ካለ የሚገባው ነጩ ነው፤ ነጭ በነጭ ላይ አይታይም፣ ቀዳዳውንም ይደፍነዋል። ከደረቀ በኋላ ሰማያዊው ይመጣል። ፕላስተሩን የምልጠው ሰማያዊው ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር ነው፤ ወደ ላይ ሳልጎትት፣ ወደ ራሱ መልሼ፣ ቀስ ብዬ።

ትናንት ማታ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በሩ ጋ ስደርስ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ፕላስተሩ «ጭር» እያለ ተነሳ፣ ሥሩ ነጭ ሆኖ ወጣ።

ሁለት ሦስት የተበታተኑ ነገሮች ልጨምር። ማንኛውንም ቀለም መኪናችሁ ላይ ከመንፋታችሁ በፊት የፕላስቲክ ማንኪያ ላይ ሞክሩት። የማንኪያ ጀርባ እንደ ኮፈን ጎበጥ ያለ ስለሆነ እውነቱን ይነግራችኋል። እኔ ዘንድ አሁን አሥራ አንድ ሰማያዊ ማንኪያ አለ። ደግሞ «ኤርብራሽና ኮምፕሬሰር ሳይኖር ሞዴል አይሠራም» የሚለውን ነገር እንተወው። ኤርብራሽ በአየር ግፊት ቀለም የሚረጭ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ብችል እገዛለሁ። ግን ይህን እየሰሙ ሳይጀምሩ የቀሩ ልጆች አሉ፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። በጥርስ ሳሙና ስለማወልወል ግን እስካሁን ሐሳቤ አልረጋም። አንዴ አብርቶልኛል፣ አንዴ ጠርዙ ላይ ቀለሙን ጨርሶ አንስቶብኛል። 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃና በጠብታ ሳሙና ይሻላል ባይ ነኝ።

አንድ ልመናም አለኝ። አንዱ ፎቶ ሲልክ «አሪፍ ነው» ብለን ብቻ አንለፈው። አሪፍ የሆነው ምኑ እንደሆነ እንንገረው። ቸርኬው ነው? የበሩ መስመር ነው? እኔን ሁለት ሳምንት ካስቀመጠኝ ነገር ያነሳኝ ያቺ አንድ ጥያቄ ናት።

ዛሬ ጠዋት ቀለሟ ገና ስላልጠነከረ በካርቶን ሳጥን ውስጥ አድርጌ ቃሊቲ ወሰድኳት። ጋሼ ያው ቦታቸው ነበሩ። ሳጥኑን ከፈትኩላቸው። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ፣ ግን አልነኳትም። ጎንበስ ብለው ዙሪያዋን አዩ። ከፍታዋን አዩ። ታርጋዋን አነበቡ። ከዚያ ወደ ራሳቸው መኪና ጣራ ቀና አሉ።

«ፖርቶመጋላዋስ?»

የጣራዋን ዕቃ መጫኛ ረስቼዋለሁ። የእውነተኛዋ ብረት 2 ሳንቲ ያህል ውፍረት አለው፤ በ1/24 ወደ 0.8 ሚሊ ይመጣል። እንዲህ ያለ የመዳብ ሽቦ ያላችሁ ካላችሁ እሁድ ስንገናኝ ይዛችሁልኝ ኑ፤ አንድ ሜትር ይበቃኛል።