አራተኛው ጦስኝ

ባለፈው ሳምንት ጦስኜ አበበ። ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ፣ ከምስር ፍሬ የምታንስ አበባ ናት። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ባለቤቴን ጠርቼ ሳሳየው "ጎበዝ" አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። እንግዲህ ጣጣው ለእናንተ ተረፈ።

ለማታውቁኝ፣ ነርስ ነኝ። መሃል ከተማ ያለ ጤና ጣቢያ ውስጥ ተመላላሽ ክፍል እሠራለሁ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። እርሻዬ በረንዳዬ ናት። ግማሿን የውሃ በርሜል ይዞታል፣ የቀረውን ከልብስ ማስጫው ጋር እንሻማለን።

የመድኃኒት ተክል የጀመርኩት በእልህ ነው። ታካሚን "ሌላ የምትወስዱት መድኃኒት አለ?" ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁሌ "የለም" ነው። "ቤት የምትጠጡት ቅጠልስ?" ስል ግን ዝርዝሩ ይመጣል። ጦስኝ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ሽፈራው። እኔ ደግሞ ግማሾቹን ከነሕይወታቸው አይቻቸው አላውቅም ነበር፣ የማውቀው ደርቀው በፌስታል ሲመጡ ነው። እስቲ አብረን እንኑር አልኩ። ይኸው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ።

የመጀመሪያዎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ዳማከሴ አንድ ቅርንጫፍ ሰካሁ፣ በቀለ። ዳማከሴ መግደል የቻለ ሰው ካለ ይጻፍልኝ፣ የምር ማወቅ እፈልጋለሁ። በሶብላም እንደዚያው። አሪቲ ደግሞ ከተከልኩት በላይ ሆኖ ጎረቤት ሁሉ ወስዷል።

ጤና አዳም አላስቸገረኝም፣ ግን አቃጥሎኛል። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባዶ እጄን ከረከምኩት። ፀሐይዋ ለጉድ ነበረች። ሰኞ ጠዋት ሁለቱም እጆቼ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ወጣ፣ የፈላ ዘይት የተረጨብኝ ነው የሚመስለው። ጭማቂው ውስጥ ያለው ነገር ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል። ጠባሳው ለወራት አልለቀቀኝም። ጓንት አድርጉ፣ ከተቻለም አመሻሽ ላይ ከርክሙ። ቡና ላይ ጣል የምናደርገውን አንድ ዘለላ አልቃወምም። አፍልታችሁ ለነፍሰ ጡር እንዳትሰጡ ግን አደራ፣ ማህፀንን ያስቆጣል።

ጦስኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

የመጀመሪያውን አክስቴ ከደብረ ብርሃን መንገድ ከነሥሩ ነቅላ በፌስታል አመጣችልኝ። ከችግኝ ሻጮች ፍግ የበዛበት ጥቁር አፈር ገዝቼ ተከልኩት። ለክቡር እንግዳ እንደሚደረገው ሁሉ አልሰሰትኩም። በ12 ቀን ሞተ።

ሁለተኛው ቅንጫቢ ነበር። እሱም ሥር ሳያበቅል ሞተ። ለሦስተኛው ከገበያ ደረቅ ጦስኝ ገዛሁና ነጭ ወረቀት ላይ አራገፍኩት። ዘሩ እንደተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ትቢያ ነው። መጀመሪያ አፈር ውስጥ ቀበርኩት፣ ምንም የለም። ቀጥሎ ላይ ላዩን በትኜ ሳልሸፍነው ብተወው በሁለተኛው ሳምንት ብቅ አለ። ዘሩ ብርሃን ይፈልጋል ለካ። እሰየው ስል ሐምሌ ገባ። አንድ ሌሊት የዘነበው ዝናብ የተከልኩበትን ጎመን የታጠበበት ሳፋ አስመስሎት አደረ።

እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለኝ። በዚያ ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ጦስኝሽ እንዴት ነው?" አለችኝ። አፍሬ "በጣም ደርሷል" አልኳት። በማግስቱ ከሱቅ የገዛሁትን በወረቀት ጠቅልዬ "ከበረንዳዬ" ብዬ ሰጠኋት። "የራስ ሲሆን ሽታውም ይለያል" አለች። እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ ሻይ የኔ ነው።

ችግሩ ውሃ ነበር። ተክል ገድሎ የማያውቅ ሰው "ውሃ አነሰው" ይላል፣ እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ውሃ በመጣ ቀን ደስታዬን ለጦስኙም አካፍለዋለሁ። ታችኛው ቅጠል ቢጫ ሲሆን ጠምቶት ነው ብዬ እጨምራለሁ። ቅጠሉ ሲጠወልግ ደግሞ እጨምራለሁ። ሥሩ በስብሶ ውሃ መሳብ ስላቃተው እንደሚጠወልግ አላወቅኩም። እግሩ ላበጠ የልብ ታካሚ ውሃ በደንብ ጠጣ እንደማለት ነው። ያውም ነርስ ሆኜ!

ጉለሌ እፅዋት ማዕከል የሄድኩት ተስፋ ቆርጬ ነው። እዚያ የሚሠሩ አንድ አባት ታሪኬን በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ሳቁ። "ልጄ፣ ጦስኝ እኮ ድንጋይ ላይ ያደገ ነው። ገንፎ ውስጥ ተክለሽው ምን ይሁን?" አሉኝ። ከሁለት ዓመት ንባቤ ይልቅ ይቺ ዓረፍተ ነገር ጠቀመችኝ።

እውነታቸውን ነው። ጦስኝ የደጋና የውርጭ ተክል ነው፣ መንዝ፣ ሰሜን ተራራ፣ ባሌ። ውሃ የማይዝ ጠጠራማ ተዳፋት ላይ ተነጥፎ ይበቅላል። ሳይንሳዊ ስሙ ታይመስ ሺምፐሪ ነው። ስሙን ያገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን እዚህ አገር እፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ከሞተው ጀርመናዊ ከሺምፐር ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ቅዝቃዜው ለጦስኝ አይከፋም። የከፋው የኔ አፈር ነበር።

እናም አፈሩን ቀየርኩ። ሁለት እጅ ሬድ አሽ፣ ያቺ መንገድ የሚደለደልባት ቀይ ጠጠር፣ አንድ እጅ ተራ አፈር። ፍግ የለም። ሬድ አሹን አንድ ሕንፃ የሚጠብቁ ዘበኛ በሻይ ብር ግማሽ ጆንያ ሞልተው ሰጡኝ። ፕላስቲኩን ትቼ የሸክላ ድስት አደረግኩ፣ ሸክላ ይተነፍሳል። ውሃ እንዲያፈስ ታቹን በሚስማር ስበሳ አንዱ ለሁለት ተከፈለብኝ። ሁለተኛውን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ቀስ እያልኩ በሳሁት። ጥቅምት ላይ አበባ ያልያዙ ስድስት ቅንጫቢ ሰካሁና በተቆረጠ ሃይላንድ ሸፈንኳቸው። በወሩ አራቱ ሥር ያዙ።

አሁን ወደምወደው ዕቃ ልምጣ። የወጥ ቤት ሚዛን ነው። ዲጂታሏ፣ ኬክ እጋግራለሁ ብዬ ገዝቼ ሁለቴ ብቻ የተጠቀምኩባት።

ታካሚ የሚተኛበት ዎርድ ውስጥ ስሠራ ሰውነታቸው ውሃ የሚይዝ ታካሚዎችን በየጠዋቱ እንመዝን ነበር። የገባና የወጣ ፈሳሽ ይመዘገባል። ዓይን ይሸወዳል፣ ኪሎ ግን ይናገራል። ታዲያ ድስቱንስ? ውሃ አጠጥቼ ጠብታው ሲቆም መዘንኩት፣ 2,480 ግራም። ከዚያ በየማታው። ቅጠሉ ትንሽ ለሰስ ማለት ሲጀምር 1,890 ሆነ። ስለዚህ ሕጌ ይህ ነው፤ 1,950 ሳይደርስ አንዲት ጠብታ የለም። ጥር ላይ በአራት ቀን ይደርሳል። ደመና የበዛበት ሳምንት ዘጠኝ ቀን ፈጅቷል። ዘጠኝ ቀን! እኔ ድሮ በዘጠኝ ቀን ዘጠኝ ጊዜ ነበር የማጠጣው። ለየድስቱ ካርድ አለው፣ ቀን፣ ክብደት፣ ፊርማ ሳይቀር። ባለቤቴ "ሐኪሙ መቼ ነው የሚያየው?" እያለ ይቀልድብኛል።

"ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገብታችሁ እዩ" የሚለውን ምክር አልወደውም። ሬድ አሽ ላይ ላዩ ደርቆ ታቹ ረግረግ ሊሆን ይችላል። "የቡና አተላ ድፉበት" የምትሉም ተዉ፣ አተላ ውሃ ይይዛል። ዳማከሴ ላይ ድፉት፣ እሱ ምንም አይሆንም።

ስለ መመዘን ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ60ዎቹ ውስጥ ያሉ አንዲት እናት የግፊት ክትትል አላቸው። አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ኪኒን፣ 5 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንዴ ነው የሚወስዱት። በመጋቢት ሲመጡ 178 በ104 ነበሩ። መመሪያችን ከ140 በ90 በታች እንድናወርድ ነው የሚለን። "መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው እማማ?" አልኩ። "ትቼዋለሁ ሲስተርዬ፣ ጦስኝ እየጠጣሁ ነው፣ ጨርሶ ለቆኛል" አሉኝ በኩራት።

እንደ ድሮው ቢሆን እቆጣ ነበር። ለዓመታት ስቆጣ ነው የኖርኩት። ውጤቱ ሰዎቹ ቅጠሉን መተው ሳይሆን መናገር መተው ነበር። ይህ በጣም ዘግይቶ ነው የገባኝ። ያን ቀን ስልኬን አውጥቼ የጦስኜን ፎቶ አሳየኋቸው። "አንቺም?" አሉና ወንበራቸውን አስጠጉ። ከዚያ ተነጋገርን። ጦስኙ ውስጥ ታይሞል እና ካርቫክሮል የሚባሉ ነገሮች አሉ፣ ሽታው ከነሱ ነው። መጠናቸው እንደ ቦታው፣ እንደ ወቅቱ፣ እንደ አደራረቁ ይለያያል። የዛሬው ስኒና የነገው ስኒ አንድ አይደሉም። ግፊት ይቀንሳል የሚሉ ጥናቶች አይጥ ላይ ተሠርተዋል፣ ከአይጥ እስከ እማማ ግን መንገዱ ሩቅ ነው። ሻዩን እንደ ሻይ ይጠጡት፣ ኪኒኑን ግን አይተኩበት ብዬ ለመንኳቸው። በወሩ 146 በ88 ሆነው መጡ። ገና ነው፣ ግን ይሻላል። የሚጠጡትን ካርዳቸው ላይ እጽፋለሁ፣ እሳቸውም አሁን አይደብቁኝም።

ተክሉንና መድኃኒቱን የሚያገናኘው መንገድ ምን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ ለማየት እንዶድን አስቡ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያ በሽታ አስተላላፊዎች ናቸው። ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ከየቦታው የተሰበሰበ እንዶድ እየተተከለ ተነጻጸረ፣ ምክንያቱም አንዱ እንዶድ እንደ ሌላው አይደለም። የተመረጠው ዓይነት 44 ይባላል። ሁለቱ በ1989 እ.ኤ.አ. "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። "ይህ ቅጠል ስኳር ያድናል" የሚል ፎቶ ስትልኩልኝ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ለዚህ ነው፤ የትኛው? ከየት? ስንት ግራም?

አሁን ክረምት እየመጣ ነው፣ እኔም ጨንቆኛል። በረንዳው ላይ ላስቲክ ወጥሬያለሁ፣ ንፋስ ሁለቴ ገንጥሎታል። አራቱንም ድስት ወደ መስኮቱ ውስጥ ላስገባ አስቤ ነበር፣ ግን ብርሃኑ ያንሳል። በዚህ ላይ ልምድ ያለው ካለ ይምከረኝ። ዛሬ ማታ አንደኛው 2,110 ነው። ውሃ መጥቷል፣ በርሜሉም ሞልቷል፣ እጄን ግን ሰብስቤያለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግር። ከባሌ ወይም ከሰሜን ተራራ በኩል የሚመጣ ሰው ካላችሁ፣ ሥር እንዳይነቅል። አበባ ያልያዘ ሦስት ቅንጫቢ፣ ጣት የሚያክል፣ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ይበቃኛል። በምትኩ ዳማከሴ እሰጣለሁ። የፈለጋችሁትን ያህል።