በገዛ አገሩ ቪዛ የተጠየቀ ሰው

ዛሬ ከእህቴ ጋር ለቪዛ ተሰልፈን ዋልን። ያ ሁሉ ሰነድ፣ ያ ሁሉ ማኅተም! ማታ ቤት ገብቼ ሰሞኑን የያዝኩትን የፍልስጤም ታሪክ ንባብ ቀጠልኩ። ልቤ ተነካ።

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ብዙ የቤተልሔምና የጎረቤቷ የቤት ጃላ ከተማ አረቦች፣ ያኔ ፍልስጤምን ይገዛ በነበረው በኦቶማን (ቱርክ) መንግሥት ዜግነት ወደ ቺሊና ሆንዱራስ ለንግድ ሄደው ነበር። ኋላ ኦቶማን ፈረሰ። ከቱርክ ጋር የተፈረመው የሰላም ውል፣ የሎዛን ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ሥራ ላይ ሲውል፣ ውጭ ላሉት በ2 ዓመት ውስጥ የትውልድ አገራቸውን ዜግነት የመምረጥ ዕድል ሰጠ። ከጦርነቱ በኋላ ፍልስጤምን ታስተዳድር የነበረችው እንግሊዝ በ1925 ያወጣችው የፍልስጤም ዜግነት ሕግ ግን በሩን አጠበበው።

ሰዎቹ የእንግሊዝ ቆንስላ እየሄዱ አመለከቱ። የአብዛኞቹ ጥያቄ ውድቅ ሆነ። ፓስፖርት የለም። ችግር ቢገጥማቸው የሚቆምላቸው መንግሥት የለም። እስቲ አስቡት፣ ተወልዶ ያደገበት ቤት እናቱን ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው እንደ ባዕድ ቪዛ ሲጠየቅ! አገር ቤት የቀሩት ዘመዶቻቸውም ዝም አላሉም፤ አቤቱታ ጻፉ፣ ተደራጅተው ጮኹ።

የእህቴ ቀጠሮ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። እሷ ተኝታለች። እኔ ግን ስለነዚያ ሰዎች እያሰብኩ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።