ቧሂት ላይ የፈነዳው ጎማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን ምስክርነት ስንት ጊዜ ጀምሬ እንባ እየቀደመኝ ተውኩት። የተሳልኩት ግን ሁለት ነገር ነበር፤ ዣንጥላ ላገባ፣ የኪዳነ ምሕረትን ተአምር ልመሰክር። ዣንጥላውን አገባሁ። ምስክርነቱ ዕዳ ሆኖብኝ ከረመ።

የምንኖረው ባሕር ዳር ነው፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ። እናታችን ስታርፍ እሱ ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። እጄን ይዛ «ወንድምሽን አደራ» ያለችኝ የመጨረሻ ቃሏ ነው። በሕይወት ሳለች በየዓመቱ የካቲት 16 በጀልባ ወደ ዘጌ ይዛን እየተሻገረች ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እንሳለም ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ግን ልብስ ስፌቱም፣ ኑሮውም እያለ ቀረሁ። ይህንንም ሳልደብቅ ልናገር።

ወንድሜ ባዮሎጂ ነበር የሚማረው። የመመረቂያው ዓመት ላይ «ምን ላድርግልህ?» ብዬ ብጠይቀው «እታለም፣ ዋልያ አሳዪኝ» አለኝ። ዋልያ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር የትም እንደማይገኝ፣ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ከ1996 ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ እንደገባ፣ በ2017 ደግሞ ከዚያ መዝገብ እንደወጣ እራት ላይ ሲያወራልኝ ዓይኑ ይበራል። ብር አጠራቀምኩ።

የ2011ን ጥምቀት ጎንደር አከበርን። የከተራ ለት ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ሲዘምር አደረ። እዚያ ነው ብርድ የመታው፤ እኔ ግን ያኔ አላወቅሁም። ጥር 13 ደባርቅ ገባን፣ የፓርኩ ቢሮ ከፍለን ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ተመደበልን። ጋቢ የተከናነቡ፣ ጠመንጃ ያነገቱ፣ ቃል የማያበዙ አባት ናቸው። የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃበር ካምፕ፣ ሁለተኛውን ግጭ ካምፕ አደርን።

ያየሁትን ውበት እዚህ ልጽፈው ብል አልችልም። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት አላቸው፤ ቁጭ ብለው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ አረም የሚያርሙ ሰዎች ይመስላሉ። ጅብራ የሚሉት ተክል ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ፣ ጓሳው ሣር ማለዳ ውርጭ ለብሶ። «ፈጣሪ እንዴት ያለ ነው!» እያልን ሄድን።

ጥር 15 እሜት ጎጎ የሚባለው ጫፍ ላይ ወጣን። 3,926 ሜትር ነው። እኛ እንግዲህ ከጣና ዳር፣ ከ1,800 ሜትር ገደማ የመጣን ሰዎች ነን። ወንድሜ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ፎጣውን አፉ ላይ ይይዛል። «ደከመኝ» ይለኛል። ሳሉን ከእኔ እየደበቀ ነበር፤ ካወቅሁ እንደምመልሰው ያውቃላ!

አመሻሽ ላይ ጨነቅ ካምፕ ደረስን። ስካውቱ በጣታቸው ወደ ገደሉ ጠቆሙን። አንድ ወንድ ዋልያ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ ቆልመም ብሎ፣ አፋፉ ላይ ቆሟል። ወንድሜ ከልጅነቱ ደስ ሲለው ይዘላል። ያን ቀን ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው ያየው። ልቤ ያኔ ፈራ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጋደም ማለት አቃተው። ሲጋደም ይታፈናል፣ ሲቀመጥ ያስላል። ደረቱ ላይ ጆሮዬን ሳስጠጋ ልክ ምጣድ ላይ እንዳለ ውኃ ይንጫጫል። በባትሪ ሳየው ከንፈሩ ጠቁሯል። ፎጣው ላይ ቀላ ያለ አረፋ አለ። ስካውቱ ገብተው አዩትና ቀስ ብለው «ልጄ፣ ተራራው ይዞታል። መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ አሁኑኑ» አሉኝ።

በምን ይውረድ? የኔም የሳቸውም ስልክ ኔትወርክ አልያዘም። የጫኑልን በቅሎዎች አሉ፤ ግን ተቀምጦ እንኳ መተንፈስ ያቃተውን ልጅ በዚያ ብርድ፣ በጨለማ፣ በገደል አፋፍ ማን ይጭነዋል? ከጃናሞራ የሚመጣው የመኪና መንገድ በአጠገባችን ያልፋል። «ግን በዚህ ሰዓት መኪና አይመጣም» አሉኝ ስካውቱ።

ከድንኳኑ ወጥቼ ውርጩ ላይ ተንበረከክሁ። ውዳሴ ማርያም ልደግም ብል ቃሉ ጠፋኝ። «ኪዳነ ምሕረት እመቤቴ፣ እናቴ ነች አደራ ያለችኝ። እኔ ቀርቼብሻለሁ፣ አንቺ ግን አትቅሪብኝ። ነገ 16፣ ቀንሽ ነው። ይኼን ልጅ ብታወጪልኝ ዑራ ድረስ ዣንጥላ አገባለሁ፣ ተአምርሽን እመሰክራለሁ» አልኩ። ይኼው ነው። ከዚህ የረዘመ ጸሎት አልነበረኝም።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ስካውቱ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ዝም በይ እስቲ» አሉ። ከቧሂት ተራራ በኩል የሞተር ድምፅ። ከዚያ መታጠፊያው ላይ ብርሃን፣ አንድ መብራት ብቻ፣ ብቅ ይላል ይጠፋል።

ሮጡ። እኔም ተከተልኩ። አይሱዙ ነው። ሾፌሩ ግን በሌሊት ጠመንጃ የያዘ ሰው መንገድ መሐል ሲያይ እንዴት ይቁም? ነዳጅ ሲሰጥ ሰማሁ። ያኔ እኒህ አባት ጠመንጃቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ጋቢያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ዘረጉት። በዚያ ብርድ በሸሚዝ ቆመው! መኪናው ቆመ።

ወንድሜን ጋቢናው ውስጥ በእኔና በረዳቱ መሐል ቀጥ አድርገን አስቀመጥነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ወረድን። ሳንቃበርን ስናልፍ ትንፋሹ ትንሽ ረዘም አለ፤ እየቆጠርኩ ነበርና አውቃለሁ። መንገድ ላይ ሾፌሩን «በዚህ ሌሊት እንዴት መጣችሁ?» አልኩት። ገብስ ጭነው በቀን ማለፍ ነበረባቸው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧሂት ላይ ጎማ ፈነዳባቸው። ሲቀይሩ ክሪኩ ሸሸ፤ አስተካክለው ትንሽ እንደሄዱ ሌላው ጎማ ተነፈሰ። መለዋወጫ አልቋልና የውስጡን ሲለጥፉ መሸ። «እህቴ፣ ዛሬ ቀኑን ስረግም ነው የዋልኩት» አለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት! እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምንም አልለመንኩም። ፎቶ እያነሳሁ ነበር። ወንድሜ ከኋላዬ በፎጣ ውስጥ ሲያስል እንኳ አልሰማሁትም። እሷ ግን ሰምታ መኪናውን አቁማልኝ ነበር።

ደባርቅ ሆስፒታል ኦክስጅን ተደረገለት። ከፍታው ሳንባው ውስጥ ውኃ እንዲቋጠር እንዳደረገ፣ መውረዱ ሕይወቱን እንዳተረፈው፣ እስኪነጋ ብንጠብቅ ክፉ ይሆን እንደነበር ሐኪሙ ነገረኝ። ልክ ነው፣ መውረዱ ነው ያዳነው። ያወረደችውን ደግሞ እኔ አውቃለሁ። እግረ መንገዴን ልለምናችሁ፦ ወደዚያ ስትሄዱ ጉንፋን ይዟችሁ አትውጡ፤ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከጀመራችሁም አትደብቁ፣ «ሲነጋ» ሳትሉ ውረዱ።

ሲነጋ የኪዳነ ምሕረት ደወል ከሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ሆኜ ሰማሁ። ወንድሜ ዓይኑን ገልጦ «እታለም፣ ዋልያውን አየሽው አይደል?» አለኝ።

በወሩ፣ ቅዳሜ የካቲት 16፣ ዣንጥላውን በነጠላ ጠቅልዬ ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻገርን። ከወደቡ እስከ ዑራ በቡናው ጫካ ውስጥ ዳገት አለ። «ቀስ በል» አልኩት። አልሰማኝም። ዣንጥላውን ከእጄ ነጠቀና ከፊቴ ወጣ። እልልታው ከላይ ይሰማል፣ እኔ ግን የማዳምጠው እሱን ነበር። ደጀ ሰላሙ እስክንደርስ አንዴም አላሳለውም።