ትንሿን ካታማራን የሚጠቀለል የፊት ሸራ ማልበስ፤ ሥራው እስከ አሁን የደረሰበት

ሥራው ከሞላ ጎደል አልቋል። የካታማራኔ (የባለ ሁለት ቀፎ የሸራ ጀልባዬ) የፊት ሸራ አሁን አንድ ገመድ ሲሳብ በራሱ የፊት ጠርዝ ዙሪያ ይጠቀለላል፤ ገመዱ ሲለቀቅ ደግሞ ይዘረጋል። ተመሳሳይ ሥራ ለምታስቡ ያስተዋልኩትን ላካፍላችሁ። ስለ መጠቅለያው መሣሪያ ሲወራ ሁሉም ሰው ዓይኑን የሚጥለው ገመዱ በሚጠመጠምበት፣ ከታች በሚታየው መጠምጠሚያ ላይ ነው። እኔ ግን ሥራውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ከላይ፣ ከሸራው ጫፍ ያለው ሽክርክሪት (ሸራው ሲዞር ከበላዩ ያለው ገመድ አብሮ እንዳይዞር የሚያደርገው ማያያዣ) ነው ባይ ነኝ።

መሣሪያው ያስፈለገበት ምክንያት ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ጀልባዋ ዳርቻ ላይ ስትቆም የተከፈተ የፊት ሸራ ይርገበገባል፤ ጨርቁ ይደክማል፤ ገመዶቹ ይጠላለፋሉ። ውኃ ላይ ነፋሱ ሲበረታ ሸራውን ለማውረድ ወደ ፊት መሄድ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፤ የሰው ክብደት ወደ ፊት ሲዛወር የቀፎዎቹ ቀጫጭን የፊት ጫፎች (አፍንጫዎች) ውኃ ውስጥ ይጠልቃሉ።

ከመግዛታችሁ በፊት ጭነቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ መረዳት ይበጃል። ሆቢ 16ን በመሳሰሉ፣ ርዝመታቸው 5 ሜትር ገደማ በሆነ ካታማራኖች ላይ ምሰሶውን በቀጥታ ወደ ኋላ የሚስብ ገመድ የለም። ሁለት የጎን ገመዶች ከምሰሶው ትንሽ ወደ ኋላ ተስበው ይታሰራሉ። ከፊት ደግሞ ከሁለቱ አፍንጫዎች የሚነሱ አጫጭር የብረት ገመዶች መሃል ላይ ይገናኙና የፊቱ ገመድ ከዚያ ወደ ምሰሶው ይወጣል። የፊት ሸራው መስቀያ (ሸራውን ወደ ላይ የሚሰቅለው ገመድ) ጠበቅ ተደርጎ ሲወጠር ግን ነገሩ ይለወጣል። የፊቱ ገመድ ይላላል፤ ምሰሶውን ከፊት የሚይዘውም በሸራው የፊት ጠርዝ ውስጥ የተሰፋው የብረት ገመድ ይሆናል። የዋናው ሸራ መቆጣጠሪያ ገመድ ሲጠብቅ ውጥረቱ ይብስ ይጨምራል። መጠቅለያ ሲገጠም ይህ ሁሉ ጭነት በታችኛው መጠምጠሚያና በላይኛው ሽክርክሪት ኩሽኔታዎች ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። ለቀላል ጀልባ የተሠራ ርካሽ መሣሪያ እጅ ላይ ሲሽከረከር እጅግ ደስ ይላል፤ ሲወጠር ግን ተይዞ አይዞርም።

የፊቱ ገመድ ስለላላ ብቻ ከነጭራሹ ማውለቅ የሚያምራቸው አሉ። እኔ አልስማማም። የሸራው መስቀያ ቢበጠስ ወይም ቢያመልጥ ምሰሶው በሰዎች ላይ እንዳይወድቅ የሚያደርገው እሱ ብቻ ነው። የላላው ገመድ በጥቅሉ ውስጥ እንዳይገባ ታችኛው ጫፉን ከመጠምጠሚያው ፊት ለፊት አስሬ በሚለጠጥ ገመድ ወጠር አድርጌዋለሁ።

አሁን ወደ ላይኛው ሽክርክሪት ልመለስ። ከሽክርክሪቱ በታች ያለው ሸራ መዞር አለበት፤ በላይ ያለው መስቀያ ገመድ ግን ፈጽሞ መዞር የለበትም። መስቀያው ከፊቱ ገመድ ጋር እጅግ ተቀራርቦ ከወጣ ሽክርክሪቱ ይዞት ይዞርና በፊቱ ገመድ ላይ ይጠመጥመዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የሸራው ታች ሲዞር ላዩ ቆሞ ይቀራል፤ መሃሉም እንደተጨመቀ ልብስ ይጣመማል። በዚህ ጊዜ ገመዱን በኃይል መሳብ የብረት ገመዱን ይሰብራል እንጂ ሸራውን አይጠቀልልም። መፍትሔው መስቀያው ከምሰሶው ጋር የሚገናኝበትን አቅጣጫ ማስተካከልና የሸራውን የፊት ጠርዝ በደንብ መወጠር ነው። የላላ ጠርዝ ከታች የተሰጠውን ዙር ወደ ላይ አያደርስም። ነፋስ በሌለበት ቀን ጀልባዋ መሬት ላይ ሳለች ሸራውን ስቀሉ፤ አጥብቁና መጠምጠሚያውን በእጃችሁ አዙሩት። ዓይናችሁን ግን ላይ አድርጉ።

መጠምጠሚያው የሸራውን የታች ማዕዘን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ያነሳዋል። ይህ ሁለት ጣጣ ያመጣል። አንደኛ፣ ሸራው ካላጠረ ጫፉ ከምሰሶው መዘውር ጋር ይጋጭና በደንብ መወጠር አይቻልም። ሁለተኛ፣ የኋላው ማዕዘን ከፍ ስለሚል ይህን ማዕዘን የሚስበው የመቆጣጠሪያ ገመድ ይበልጥ ወደ ታች ይስባል፤ የኋላው ጠርዝ ይጠብቃል፣ የታችኛው ጠርዝ ይላላል። ስለዚህ የገመዱ መውጫ (ገመዱ በጀልባዋ ላይ የሚያልፍበት ቦታ) ወደ ኋላ መዛወር አለበት።

በሸራው ውስጥ አግድም የሚገቡት ዘንጎች አይጠቀለሉም። አውጥቻቸዋለሁ፤ ያለ እነሱ የኋላው ጠርዝ እንዳይርገበገብም ሸራ ሰፊው ወደ ውስጥ ጎድጎድ አድርጎ ቆርጦልኛል። ስፋት ቀንሷል፤ በእሽቅድምድም ላይ ያስቆጫል፣ ለመዝናኛ ግን ግድ አይሰጥም። ዘንጎቹን ከፊት ጠርዙ ጋር ትይዩ አድርጎ ማስገባትም ይቻላል።

የመጠቅለያው ገመድ መጠምጠሚያው ላይ የሚጠመጠመው ሸራው ተዘርግቶ ሳለ ነው። በቂ ዙር አስገቡ፤ በብርቱ ነፋስ ሸራው ጠበቅ ብሎ ስለሚጠቀለል ተጨማሪ ዙር ይፈልጋል፤ ከዚያም በላይ የመቆጣጠሪያ ገመዶቹ በጥቅሉ ላይ ሁለት ጊዜ እንዲዞሩ መትረፍ አለበት። ገመዱ ወደ መጠምጠሚያው የሚገባውም ቀጥ ብሎ እንጂ ተዳፍቶ መሆን የለበትም፤ አለበለዚያ ዙሮቹ ይደራረባሉ። በኋላው ጠርዝ ላይ ከፀሐይ የሚከላከል ጨርቅ የምታሰፉ ከሆነ፣ የመጠቅለያውን አቅጣጫ ያ ጨርቅ ወደ ውጭ እንዲውል አድርጋችሁ አስቀድማችሁ ወስኑ።

መሣሪያው ሸራን ለማሳነስ የሚያገለግል የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በብረት ገመድ ላይ የሚዞረው ዓይነት ሸራውን ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል ወይ ሙሉ በሙሉ ይጠቀልላል። በግማሽ ከተተወ የብረት ገመዱ ይጣመማል፣ ሸራውም ቅርጹን ያጣል።

ውኃ ላይ ስትጠቀልሉ ጀልባዋን ነፋሱ ከኋላ እንዲመጣባት አዙሩ። ዋናው ሸራ የፊተኛውን ይከልለዋል፤ ገመዱም በአንድ እጅ ይሳባል። የመቆጣጠሪያ ገመዱን ፈጽማችሁ አትልቀቁት፤ ትንሽ ውጥረት ከሌለ ጥቅሉ ልል ይሆናል። ጀልባዋን ትታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን ሸራውን አውርዱት፤ ነፋስ የፈታው ጥቅል በአንድ ሌሊት ይቀደዳል።

የቀረኝ የመቆጣጠሪያ ገመዱን መውጫ በቋሚነት ማሰር ነው። ለጊዜው በገመድ አስሬ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀስኩ የነፋሱን ፍሰት እንዲያሳዩኝ በሸራው ላይ የለጠፍኳቸውን ክሮች እከታተላለሁ። ከነፋስ ጋር ተጠግተን ስንጓዝ የላይኞቹ ከታችኞቹ ቀድመው ከተረበሹ ወደ ፊት እስበዋለሁ። ቦታው እስኪለይልኝ ድረስ መሰርሰሪያ አላነሳም።